ብሎኑን የሰበረው ማን ነው?



ለዛሬ የምናነሣው ጥያቄ የተገኘው ከጋራዥ ነው። በዘይትና በጥላሸት መካከል ምን የሥነ ምግባር ነገር ይገኛል የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

አንድ መካኒክ የአንድን መኪና የሞተር ዘይት ቀየረ እንበል። ከሥር ያለውን ክዳን ሲመልስ ትንንሾቹን ዳዶዎች ጥርሱን ነክሶ፣ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አጠበቃቸው። መኪናው ወጣ፤ ወራትም ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰደው። ሁለተኛው መካኒክ ቁልፉን አግብቶ ገና አንድ ጊዜ ወደ ግራ ሲገፋው ብሎኑ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ያያል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ብሎኑን የሰበረው ማን ነው?

የብዙ ሰው ፍርድ አጭር ነው። የተሰበረው በማን እጅ ነው? በሁለተኛው። እንግዲያው እርሱ ይክፈል። የመጀመሪያውማ ምን አጠፋ? እንዲያውም ተግቶ ሠራ፤ ብሎኑ እንዳይላላ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ ይባልለታል። አንዱ ተመስግኖ ሌላው ተወቅሶ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል። እኔ ይህ ፍርድ የተገለበጠ ነው እላለሁ። ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ግን አስቀድሞ ብሎን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብረቱን ሳያውቁ በብረቱ ላይ መፍረድ ከንቱ ነውና።

ብሎን ብዙዎቻችን እንደምናስበው እንደ ምስማር ተቸክሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ብሎን ሞላ ነው። ስናጠብቀው በዐይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ለመመለስ ስለሚታገልም ሁለቱን አካላት አጣብቆ ይይዛል። በዐሥር ቁልፍ የምንፈታው፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነው ተራ ብሎን፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ካለበት፣ በ10 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ 800 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል ይይዛል። የሁለት የሰቡ በሬዎች ክብደት ማለት ነው። ከእኛ የሚፈልገውስ ምን ያህል ነው? 10 ኒውተን ሜትር ማለት አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ማንጠልጠል ነው። ከዚህ አይበልጥም። ደግሞ ከዚያች ኪሎ ውስጥ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው አንድ ዐሥረኛው ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሶቹ መካከል ባለው ፍትጊያ ያልቃል። ስለዚህ ጥርሱ ዘይት የነካው እንደ ሆነ ፍትጊያው ይቀንስና ያው እጅ፣ ያው ጉልበት፣ ብሎኑን ከታሰበው በላይ ይለጥጠዋል። ክንድ የሚያውቀው የራሱን ድካም ነው፤ ብሎኑ የደረሰበትን አያውቅም።

ሞላ ደግሞ ልክ አለው። በልኩ የተለጠጠ ሞላ ሲለቁት ይመለሳል፤ ከልኩ ያለፈ ግን እንደ ተለጠጠ ይቀራል። ብሎንም እንዲሁ ነው። ከልኩ ያለፈ ብሎን ወገቡ ይቀጥናል፤ ነገር ግን በዚያች ዕለት አይሰበርም። ቆሞ ይታያል፤ ይዞም ይታያል። እጁ ለሠለጠነ ሰው በጊዜው አንዲት ምልክት ይሰጣል፤ ይኸውም እየከበደ የመጣው ቁልፍ ባንድ አፍታ እንደ ሰም ይለሰልሳል። ያልሠለጠነው ይህን ሲያገኝ «አሁን ገባልኝ» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ሩብ ዙርም ይጨምርበታል። የሠለጠነው ግን እጁን ያነሣል፤ ዘግይቷልና ብሎኑን አውጥቶ ይጥለዋል። ይህን ለመማር ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ለሥራ የማይፈለግ አሮጌ ብሎን ሞርሳ ላይ ነክሶ እስኪሰበር ድረስ ማጥበቅ ነው። ልጆች ሥራ ሲጀምሩ ይህን ያሠሯቸው ዘንድ እመኛለሁ፤ የሁለት ብሎን ዋጋ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው መካኒክ በነካው ጊዜ ብሎኑ ቀድሞ ተሰብሮ ነበር። የእርሱ እጅ ያደረገው የተሸሸገውን ማውጣት ነው። በእውነት ለመናገር ብሎን በዝገትም ይሰበራል፤ ብረት ከአልሙኒየም ጋር ተጣምሮ እርጥበት ሲገባበት ተነካክሶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ማንም ሳይበድል ብሎን በሰው እጅ ይቀራል። ሁለተኛው ሰው ራሱ ችኩል ሊሆንም ይችላል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ የምለው «በእጁ የተገኘበት» የሚለው ፍርድ ለሌባ ይሠራ ይሆናል፤ ለብሎን አይሠራም ነው።

ነገሩን በአንድ በምናውቀው መኪና እንመልከተው። ሁላችን ቮልስ የምንላት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። በአገራችን ታሪክም ስሟ አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የሞተሯ አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለስላሳም ነው። ለብዙ ዘመን ዘይቷ የሚጣራው በአንዲት የሽቦ ወንፊት ብቻ ነበር፤ ወንፊቷም ከሞተሩ ሥር በአንድ ክብ ስስ ክዳን ተይዛ ትቀመጣለች። ክዳኑን የሚይዙት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ስድስት ዳዶዎች ናቸው፤ ከየዳዶው ሥር የመዳብ ሮንዴላ፣ ከወንፊቷ በላይና በታች ደግሞ የወረቀት ጓርኒሲዮን አለ። የፋብሪካው ልክ 7 ኒውተን ሜትር ነው። 12 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ ስድስት ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው፤ አንድ ልጅ የሚችለው ነው። በዚያችው መኪና የኋላ ጎማ አክሲል ላይ ያለው ትልቅ ዳዶ ግን 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ቱቦ ቀጥሎ በሙሉ ሰውነት መጫን ያሻዋል። ባንድ መኪና ላይ፣ ባንድ ቀን፣ ባንድ ሰው እጅ፣ አርባ እጥፍ ልዩነት! የኋላውን ጎማ ሲታገል ያረፈደ ክንድ ወደ ወንፊቷ ሲመጣ ያን ትግሉን ይዞ ይመጣል።

ከዚያ የሚሆነውን ብዙ ሰው አይቶታል። ዳዶው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ስሱ ክዳን በየቀዳዳው ዙሪያ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ በሁለት ዳዶ መካከል ያለው ጠርዝ ግን ይነሣል። በዚያ በኩል ዘይት ይንጠባጠባል። መካኒኩ ጠብታውን አይቶ «ላልቷል» ይላል፤ ይጨምርበታል። ክዳኑ ይብስ ይጎብጣል፤ ጠብታው ይብስ ይበዛል። እንደገና ይጨምራል። በመጨረሻ ከማግኒዚየሙ ውስጥ የተተከለው ራስ አልባ ብሎን ጥርሱን ጠርጎ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዳዶው ያለ ልክ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። መድኃኒቱ ነበር በሽታው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው አንድም ጊዜ ሰነፍ አልነበረም፤ በየደረጃው ሲተጋ ነበር። ሲበዛ ማርም ይመራል የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን፤ ግን ማሩ የሚመረው ለቀመሰው ሰው ነው። እዚህ ላይ ግን የበላው አንድ ሰው፣ የመረረው ሌላ ሰው ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የዚችው ሞተር ነዳፊዎች የቫልቮቹን ክዳን በብሎን አላሰሩትም፤ በአንድ የሽቦ ማሰሪያ ብቻ አስያዙት። ሽቦውን ማንሣትና መጫን ነው፤ ማጥበቅ የሚባል ነገር የለም። የሰውን ክንድ ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ለመሆኑ መካኒኩ ለምን ከልክ በላይ ያጠብቃል? ጉልበተኛ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። እስቲ የጋራዡን ኑሮ እናስብ። ረዳቱን «አጥብቀው!» ሲሉት እንጂ «ልክ አድርገው!» ሲሉት አይሰማም። ብሎን ላልቶ ቢቀር ዘይቱ በዚያው ሳምንት ይፈስሳል፤ ባለ መኪናው ተቈጥቶ ተመልሶ ይመጣል፤ ረዳቱ ይሰደባል፣ ምናልባትም ከደመወዙ ይቈረጣል። ከልክ በላይ ጠብቆ ቢቀር ግን በዚያ ሳምንት ምንም አይሆንም፤ የሚሆነው በሚመጣው ዓመት፣ በሌላ ጋራዥ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። የላላው ብሎን ወደ አላላው ሰው ደጅ ይመለሳል፤ የከረረው ግን አይመለስም። እንግዲህ ብልኅ ረዳት ወደ የትኛው ያደላል? ሩብ ዙር የሚጨምረው እጅ የሚጨምረው ለመኪናው ብሎ ነው ወይስ ለራሱ ብሎ? የጥያቄያችን ሥር ይህ ይመስለኛል። ያች ሩብ ዙር የምትገዛው የአጥባቂውን ሰላም ነው፤ ዋጋዋ የሚከፈለው ግን ከማያውቀው ሰው ኪስ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከውስጥ ሲታይ ትጋት መስላ መታየቷ ነው። ሰነፍ ሰው ስንፍናውን ቢያንስ በልቡ ያውቀዋል፤ ከልክ ያለፈ ትጉህ ግን የሚጸጸትበት ነገር ያለው አይመስለውም።

አርስጣጣሊስ ስለ በጎ ምግባር ሲያስተምር በመብዛትና በማነስ መካከል ያለውን ልክ እንድንፈልግ ነገረን፤ ይህን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰምተናል። የሚዘነጋው ግን ልክ ማለት የመሐል ቁጥር እንዳልሆነ ራሱ አስጠንቅቆ ማለፉ ነው። ዐሥር ምናን ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ምናን ቢያንስ፣ አሠልጣኝ ለሁሉ ስድስት አያዝም ይላል፤ ስድስቱ ለታላቁ ታጋይ ለሚሎ ጥቂት፣ ለጀማሪው ግን ብዙ ነውና። የቮልስ ነገርም እንዲሁ ነው። የ7 እና የ300 መሐል ሰይዞ ሁሉንም በ150 የሚያጠብቅ ሰው ትንሹን ይሰብራል፤ ትልቁን ያላላል። ልኩ ያለው በነገሩ ውስጥ ነው፤ በብሎኑ ውፍረት፣ በተተከለበት ብረት፣ በሥሩ ባለው ጓርኒሲዮን። ስለዚህ ልክን ማክበር ማለት የራስን ፍርሃትም የራስን ጉልበትም ትቶ ወደ ነገሩ መመልከት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ወደ ልጅ አስተዳደግና ወደ ትዳር ይዘልላል፤ አባት ልጁን ሲያከርር፣ አለቃ ሠራተኛውን ሲያከርር እያለ ይቀጥላል። እኔ ለመዝለል አልቸኩልም። ሰው ይናገራል፣ ያኮርፋል፣ ያለቅሳል፤ ብሎን ግን ከዚያች አንዲት ልስላሴ በቀር ድምፅ የለውም። ድምፅ ለሌለው ነገር መጠንቀቅ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

የሚቃወመን ይኖራል። «የላላ ብሎን ሰው ይገድላል፤ የከረረ ግን ቢበዛ ገንዘብ ያስወጣል። እንግዲያው ከሁለቱ ጥፋት ማክረር አይሻልምን?» ይለናል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ የጎማ ወይም የመሪ ብሎን ከሆነ ስሕተቱ በሕይወት ነው። ነገር ግን መልሱ ያው ነው። ከልኩ በላይ የተለጠጠ ብሎን ሞላነቱ ስለ ተዳከመ አያያዙም ይጠረጠራል፤ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሊቈረጥም ይችላል። ከወንፊቷ ክዳን ጥርሱ ያለቀ ብሎን በጉዞ መካከል ቢለቅ ደግሞ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት፣ ማለትም የሞተሩ ዘይት በሙሉ፣ አስፋልት ላይ ይቀራል፤ ሞተሩም ወዲያው ይነክሳል። ያ ሰው ታማሚ ጭኖ እንደ ሆነስ? ማክረር እንደ ማላላት ሁሉ ሌላው ስሕተት ነው እንጂ የደኅንነት ወገን አይደለም።

የማያውቁትን ሰው ማሰብ ደግሞ በብሎን ታሪክ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ድሮ እያንዳንዱ የብረት ሥራ ቤት በገዛ ልኩ ጥርስ ያወጣ ነበር፤ የአንዱ ዳዶ ለሌላው ብሎን አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ዮሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ የብሎን ጥርስ ሁሉ ባንድ ልክ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ በኋላም የሜትር ልክ መጣ፤ ዛሬ የ6 ሚሊ ሜትር ተራ ብሎን በጃፓን ቢሠራ በጀርመን ለተሠራ ዳዶ ይገባል። ይህ ማለት ብሎን የሠራ ሰው ፊቱን ለማያየው ሰው ቃል ገብቷል ማለት ነው። ፋብሪካው ያን ቃል ጠብቆ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ እንግዳ ልክ ሲያወጣለት፣ ከሥሩ የተኛው መካኒክ በሚመጣው ዓመት ለሚተካው ባልንጀራው ልክ መጠበቅ ቢሳነው ይገርማል።

ከማክረር የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ጥርሱ ሲያልቅ መካኒኩ ያውቃል፤ ዳዶው በእጁ ባዶውን ሲዞር ይሰማዋልና። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ለባለቤቱ መንገር ነው፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ በእግሩ በኩል የወፈረ ብሎን ይተከልበታል፤ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ሁለተኛው ማጣበቂያ ቀብቶ ዳዶውን አስቀምጦ፣ በጨርቅ ወልውሎ መሸኘት ነው። ማጣበቂያው ጥቂት ወር ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእጅ ነበር፤ ማንም ይሳሳታል። ከዚህ ወዲያ ግን ፈቃድ ገብቶበታል። ከሌብነት የሚለየው ምን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ፤ የሚወስደው ከባለ መኪናው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነገ ያን ዳዶ ከሚነካው ምስኪን መካኒክ መልካም ስምም ነው። ገንዘብ ይመለሳል። በደንበኛው ፊት «ሰባሪ» የተባለ ረዳት ግን ንጹሕነቱን በምን ያስመሰክራል?

ወደ እርሱ እንመለስ፤ ብሎን በእጁ ወደ ቀረበት ወደ ሁለተኛው ሰው። ይክፈል ወይስ አይክፈል? በእኔ አስተያየት ሊከፍል አይገባውም፤ ግን «ያ ከእኔ በፊት የነካው ነው» ብሎ በሌለ ሰው ላይ መጮኽም አይገባውም። ዝገት ይሁን ክንድ፣ አንድ ሰው ይሁን አምስት ሰው፣ በምን ያውቃል? የማያውቀውን መክሰስ ዛሬ በእርሱ ላይ የተደረገውን በሌላው ላይ ማድረግ ነው። የተሰበረውን ቍራጭ ለባለቤቱ ያሳየው፤ ወገቡ የቀጠነ ከሆነ ያ ቅጥነት ከመጠን በላይ መለጠጥ እንደ ሆነ፣ ዝገት የበላው ከሆነም ዝገት እንደ ሆነ ይንገረው። ወጪው በባለቤቱ ላይ መውደቁ አይቀርም። ይህ በደል ነው፤ በዳዩን አቅርቦ የሚዳኝ ዳኛም የለም።

ከዚያ ሥራውን ይቀጥላል። የጎበጠውን ክዳን በጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጎ ያቃናዋል፤ አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ያደርግበታል። መለኪያ ያለው ቁልፍ ካለው በእርሱ ይጠቀማል፤ ከሌለው አጭሯን የዐሥር ቁልፍ ወደ ራሷ ጠጋ አድርጎ በጣቶቹ ይይዛታል፤ አንዱን ዳዶ ካጠበቀ በኋላ ጎረቤቱን ትቶ በትይዩው ያለውን ይይዛል፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ያዳርሳቸዋል። ከስድስቱ የትኛው ቀዳዳ እንደ ተጠገነ በወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ያንብበው ዘንድ። ሞተሩን አስነሥቶ ካሞቀ በኋላ ከሥር ገብቶ ይመለከታል። ጠብታ ከሌለ አይነካውም፤ ጠብታ ካለም አውርዶ ክዳኑን ደግሞ ያየዋል እንጂ በዳዶው ላይ አይጨምርበትም።